ልጅን ከማህፀን ጀምሮ ከሜርኩሪ መጠበቅ፦ ደረጃ በደረጃ

«እርጉዝ ሴት ዓሣ አትብላ» የሚለው ምክር በሁለት በኩል ይጎዳል። የጽንሱ አንጎል የሚያድግበትን ምግብ ከእናቱ ገበታ ላይ ያስነሣል። ሜርኩሪ ከዓሣ ብቻ የሚመጣ ስለሚያስመስልም፣ በየማታው ፊቷን ስለምትቀባው ክሬም፣ በመሳቢያ ውስጥ ስለተቀመጠው የመስታወት ቴርሞሜትር ወይም ባለቤቷ ከሥራ ለብሶት ስለሚመለሰው ልብስ ማንም ሳይጠይቃት ይቀራል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል የተጻፈ ነው። መጀመሪያ ምንጩን መለየት፣ ቀጥሎ ትልቁን ምንጭ መዝጋት፣ ከዚያም ልጁን መከታተል ይገባል። ዓሣው በገበታው ላይ ይቆያል፤ የሚለወጠው ዓይነቱ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የትኛው ሜርኩሪ?

ሜርኩሪ፣ በቀድሞ ስሙ ባዜቃ፣ የሚያደርሰው ጉዳት እንደ መልኩ ይለያያል። አንደኛው በቴርሞሜትር ውስጥ የምናየው ብርማ ፈሳሽ ነው። ይህ ቢዋጥ አንጀት ከሞላ ጎደል አይቀበለውም፤ የሚያሰጋው ተኑ ነው። በተራ የክፍል ሙቀት ሽታም ቀለምም የሌለው ተን ያወጣል፤ ከተተነፈሰው 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ የእንግዴ ልጅንም አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል። ሁለተኛው የሜርኩሪ ጨው ነው። ቆዳ በሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞችና ሳሙናዎች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን በዋናነት የሚጎዳው ኩላሊትን ነው።

ሦስተኛውና ለጽንስ እጅግ አስጊው ሜቲል ሜርኩሪ ነው። ከድንጋይ ከሰል ማቃጠያዎች፣ ከወርቅ ማውጫ ሥፍራዎችና ከእሳተ ገሞራዎች ወደ አየር የወጣው ሜርኩሪ ውሎ አድሮ ወደ ውኃ ይወርዳል። በውኃው ግርጌ ባለው ደለል ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ ጉዞው ወደ ላይ ነው፤ በዓይን የማይታየውን ትንሹ ዓሣ ይበላዋል፣ ትንሹን መካከለኛው፣ መካከለኛውን ትልቁ። በእያንዳንዱ እርከን መጠኑ እየተከማቸ ይሄዳል። ሰውየው ትልቁን ዓሣ ሲበላ በውስጡ ካለው ሜቲል ሜርኩሪ 95 በመቶ ያህሉን አንጀቱ ይመጥጠዋል።

ይህ መርዝ በግድ ገብቶ አይደለም ወደ ጽንሱ የሚደርሰው። ሲስቲን ከተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ሲጣበቅ ሰውነት የሚፈልገውን ሜቲዮኒን ይመስላል፤ የእንግዴ ልጁም እንደ ምግብ ቆጥሮ ያሳልፈዋል። በዚህ ምክንያት በእትብት ደም ውስጥ የሚገኘው መጠን በአማካይ ከእናቲቱ ደም 1.7 እጥፍ ያህል ነው። በማደግ ላይ ባለ አንጎል ውስጥ ሕዋሳት ይባዛሉ፤ ከተወለዱበት ሥፍራም ተነሥተው ወደሚኖሩበት ንብርብር ይጓዛሉ። ሜቲል ሜርኩሪ ለሁለቱም ሥራ የሚያስፈልጉትን ደቃቅ የሕዋስ ቱቦዎች ያፈርሳል። በአዋቂ ሰው ጉዳቱ በተወሰኑ የአንጎል ክፍሎች ላይ ሲያተኩር፣ በጽንስ ግን በመላው አንጎል ሊሰራጭ የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ዓለም የተማረው በሚናማታ ነው። በጃፓን ኩማሞቶ አውራጃ በምትገኘው በዚህች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1968 ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲለቅ ኖሯል። በሽታው በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1956 ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የእንግዴ ልጅ መርዝን ያግዳል ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን እምብዛም ሕመም ያልታየባቸው እናቶች ከባድ የአንጎል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ወለዱ። በአካባቢው የልጅን እትብት አድርቆ በቤት ማስቀመጥ ልማድ ስለነበር፣ ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ከእነዚያ የደረቁ እትብቶች የሜርኩሪውን መጠን ለክተው ልጆቹ በማህፀን ሳሉ ምን ያህል እንደተጋለጡ ሊያረጋግጡ ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 እና 1972 ደግሞ በኢራቅ ለዘር የተዘጋጀና በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ እህል ዳቦ ተጋግሮ ተበላ፤ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፣ 459 ሞቱ። እዚያም ከማህፀን ጀምሮ የተጎዱ ልጆች ታይተዋል።

ከሁለቱም የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት አንድ ነው፦ የእናቲቱ ደኅንነት ለጽንሱ ደኅንነት ማስረጃ አይሆንም። «እኔ ምንም አልተሰማኝም» ብለው ከታች ያሉትን ደረጃዎች አይዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን ያስሉ

ሜቲል ሜርኩሪ በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በ50 ቀናት ገደማ ነው፤ ከሰው ሰው ቢለያይም ለስሌት ይህ ይበቃል። እንግዲህ ሜርኩሪ የበዛበትን ዓሣ ዛሬ ቢያቆሙ ከ50 ቀናት በኋላ ግማሹ፣ ከ100 ቀናት በኋላ ሩቡ፣ ከ200 ቀናት በኋላ አንድ አሥራ ስድስተኛው ይቀራል። ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ዝግጅቱን ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድመው መጀመር ያለብዎት ከዚህ የተነሣ ነው። የእርግዝና ምርመራ ውጤት እስኪመጣ ቢጠብቁ ጽንሱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከድሮው ክምችት ጋር ያሳልፋል።

አሁን እርጉዝ ከሆኑስ? ዛሬ ይጀምሩ። የአንጎል ፈጣን እድገት ከመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ጀምሮ ከልደት በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ይቀጥላል፤ ስለዚህ በአምስተኛው ወር የተወሰደ እርምጃም ትርጉም አለው። ያለፈውን እያሰላሰሉ መጨነቅ ግን ጥቅም የለውም፤ በእርግዝናው መጀመሪያ አንድ ጊዜ ቱና በልተው እንቅልፍ ያጡ ሴቶች ካሉ ቀጣዩን ስሌት ያንብቡ።

ደረጃ 2፦ ዓሣውን ይምረጡ እንጂ አይተዉት

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለጽንስ አስተማማኝ ብሎ ያስቀመጠው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.1 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ ግራም ለምትመዝን ሴት በሳምንት 42 ማይክሮግራም ማለት ነው። አሁን ይህን በአንድ ምግብ፣ በ150 ግራም ዓሣ፣ እንፈትነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ባደረገው ልኬት በሰይፍ ዓሣ አንድ ግራም ሥጋ ውስጥ በአማካይ ወደ 1 ማይክሮግራም የሚጠጋ ሜርኩሪ አለ። 150 ግራሙ ወደ 150 ማይክሮግራም ይሆናል፤ የሦስት ሳምንት ተኩል ድርሻ በአንድ ምሳ አለቀ ማለት ነው። በዚያው መለኪያ ቲላፒያ በግራም 0.013 ማይክሮግራም ብቻ ስላለው 150 ግራሙ ወደ 2 ማይክሮግራም ይጠጋል። በሁለቱ ዓሦች መካከል ያለው ልዩነት ከ70 እጥፍ በላይ ነው። «ዓሣ» ብሎ በጅምላ መፍረድ ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ ይታያል።

በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ፈጽሞ የሚቀሩት ሰይፍ ዓሣ፣ ሻርክ፣ ማርሊን፣ ኪንግ ማኬሬል፣ ቢግአይ የተባለው የቱና ዝርያና ኦሬንጅ ራፊ ናቸው። ሁሉም ትልልቅ ወይም ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ፣ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። በነፃነት የሚበሉት ሰርዲን፣ አንቾቪ፣ ሳልመን፣ ሄሪንግ፣ ትራውት፣ ቲላፒያና ሽሪምፕ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሰርዲን፣ ሳልመንና ሄሪንግ ይበልጥ ይመከራሉ፤ ለአንጎልና ለዓይን ግንባታ የሚያስፈልገው ዲኤችኤ የተባለ የስብ አሲድ በብዛት የሚገኝባቸው ናቸውና።

የታሸገ ቱና መካከል ላይ ይቆማል፤ ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው። በመለያው ላይ «ላይት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ስኪፕጃክ ከተባለው ትንሽ ዝርያ የሚዘጋጅ ሲሆን በግራም 0.126 ማይክሮግራም ያህል አለው። «ነጭ» ወይም «አልባኮር» የሚባለው 0.35 ያህል፣ ማለትም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። 150 ግራም አልባኮር 52 ማይክሮግራም ስለሚሆን የሳምንቱን ልክ ያልፋል። ስለዚህ አልባኮርን ከመረጡ በሳምንት አንድ ጊዜ 113 ግራም ያህል ብቻ ይብሉ፤ በዚያ ሳምንት ሌላ ዓሣ አይጨምሩበት።

ጠቅላላ መጠኑ ትንሽ ሜርኩሪ ካላቸው ዓሦች በሳምንት ከ225 እስከ 340 ግራም ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ከፍለው ይብሉት። ዓሣ ለማይወዱ ወይም ለማያገኙ የዓሣ ዘይት እንክብል አማራጭ ነው። ሜርኩሪ የሚጣበቀው በሥጋው ፕሮቲን ላይ እንጂ በስቡ ላይ ስላልሆነ ዘይቱ እምብዛም የለበትም። የኮድ ጉበት ዘይት ግን ቫይታሚን ኤ የሚበዛበት ስለሆነ በእርግዝና ጊዜ ያለ ሐኪም ምክር አይወሰድም።

ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ተጠምዶ የሚመጣ ዓሣ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የውኃው አካል ስለ ሜርኩሪ ተመርምሮ ማሳሰቢያ ወጥቶለት እንደሆነ ይጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ካጡ በዚያ ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ይብሉና ሌላ ዓሣ አይጨምሩ፤ ከትልቁ ይልቅ ትንሹን፣ ዓሣ ከሚበላው ይልቅ ተክል የሚበላውን ይምረጡ። ወርቅ በሜርኩሪ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ከተጠመደ እኔ ብሆን በእርግዝና ጊዜ አልበላውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፦ ዓሣውን ቆዳውን መግፈፍ፣ ስቡን መቁረጥ፣ በሎሚ ማጠብ ወይም አብዝቶ መጥበስ ሜርኩሪውን አያወጣውም። በሥጋው ውስጥ ተጣብቋል። እንዲያውም ሲበስል ውኃው ስለሚቀንስ በግራም ያለው መጠን ከፍ ይላል።

ስለ ዓሣ ሲነሣ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች እርስ በርስ የሚቃረኑ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። በፋሮ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 የተወለዱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ተፈትነው፣ በማህፀን ሳሉ ይበልጥ የተጋለጡት በቋንቋ፣ በትኩረትና በማስታወስ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በሲሼልስ ደግሞ እናቶች በሳምንት ዐሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ዓሣ እየበሉ በልጆቻቸው ላይ ወጥ የሆነ ጉዳት አልታየም። ልዩነቱን ሳይንቲስቶች ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ የምግቡ ዓይነት ነው፤ ፋሮዎች ሜርኩሪውን ያገኙት በአብዛኛው ፓይለት ዌል ከተባለው ዓሣ ነባሪ ሥጋ ነበር፤ ሲሼልሶች ግን ከልዩ ልዩ የባሕር ዓሣ፣ ከነጠቃሚ ንጥረ ነገሮቹ። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናትም በሳምንት ከ340 ግራም በታች የባሕር ምግብ የበሉ እናቶች ልጆች በቃል የማሰብ ችሎታ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት የማምጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ለእኔ ሦስቱ ጥናቶች የሚስማሙት «ትንንሹን ዓሣ በደንብ ብሉ» በሚለው ላይ ነው።

ከላይ ያለው 0.1 ማይክሮግራም ልክ ጉዳት ከታየበት መጠን ዐሥር እጥፍ ዝቅ ተደርጎ የተቀመጠ ነው። አንድ ጊዜ ማለፍ ጥፋት አይደለም፤ ማስተካከል ያለብዎት የወራት ልማድን ነው።

ደረጃ 3፦ የመታጠቢያ ቤቱን መደርደሪያ ይፈትሹ

ቆዳ የሚያነጡ፣ ማድያት የሚያጠፉና ሽብሸባ የሚቀንሱ ክሬሞችን ሁሉ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ሜርኩሪ ሜላኒን የተባለው የቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ስለሚያግድ ርካሽ ማንጫ ሆኖ ያገለግላል፤ በአንዳንድ ሳሙናዎች ከ1 እስከ 3 በመቶ፣ በአንዳንድ ክሬሞች ከ1 እስከ 10 በመቶ የሜርኩሪ ውህድ ይገኛል። በመለያው ላይ ሜርኩሪ፣ ሜርኩሪክ፣ ሜርኩሪየስ፣ ሜርኩሪዮ፣ ካሎሜል ወይም አሞኒያ ያለው ሜርኩሪ የሚል ቃል ካዩ ያ ዕቃ ከቤት ይወጣል።

ችግሩ መለያው ብዙ ጊዜ አለመናገሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች ስምና አድራሻ ከሌለው ይጠርጥሩት። «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከላስቲክ ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው ይበልጥ ይጠርጥሩት፤ ለፊት ክሬም እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ሜርኩሪ ከብረቶች ጋር ስለሚጣበቅ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆዳን ፈካ የሚያደርግ ከሆነም እንዲሁ።

ክሬሙን እናቲቱ ብቻ ብትቀባም የምትጋለጠው እሷ ብቻ አይደለችም። በፎጣ፣ በትራስ ልብስና በእጅ በኩል ወደ ሕፃኑ አፍ ይደርሳል፤ ከቆዳዋ የሚነሣውንም ተን ቤተሰቡ ይተነፍሰዋል። ክሬሙን በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ለአካባቢዎ የአደገኛ ቆሻሻ አስወጋጅ ያስረክቡ፤ ወደ መጸዳጃ አይጣሉት። ለወራት የተጠቀሙበት ከሆነ የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ፤ የእግር ወይም የፊት እብጠትና አረፋ የሚበዛበት ሽንት ካለ ደግሞ አይዘግዩ። የሚናማታ ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ተፈርሞ ከነሐሴ 16 ቀን 2017 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፍ ውል፣ እነዚህን ክሬሞች ያግዳል። የታገደ ዕቃ ግን አሁንም በየመደብሩና በኢንተርኔት ይሸጣል።

ደረጃ 4፦ የሚሰበረውን ዕቃ አስቀድመው ያስወጡ

የመስታወት ቴርሞሜትርንና አሮጌ የደም ግፊት መለኪያን ሳይሰበሩ በዲጂታል ይተኩ። ሕፃን ወለል ላይ ሲድህ የሚተነፍሰው አየር ለወለሉ የቀረበ ነው፤ ከክብደቱ አንጻርም ከአዋቂ ይበልጥ ይተነፍሳል። የሜርኩሪ ተን ደግሞ ከአየር ይከብዳል። በምንጣፍ ስፌት ውስጥ የቀረች ጠብታ ለወራት ተን ልታወጣ ትችላለች።

ቴርሞሜትር ከተሰበረ እንዲህ ያድርጉ። እርጉዞችንና ልጆችን ወዲያውኑ ከክፍሉ ያስወጡ፤ ማጽዳቱን ሌላ አዋቂ ይሥራው። ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስዱትን በሮች ይዝጉ፣ ወደ ውጭ ያለውን መስኮት ይክፈቱ፣ የአየር ማቀዝቀዣ ካለ ያጥፉ። የሚያጸዳው ሰው ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ የላስቲክ ጓንት ያድርግ። በመጀመሪያ የመስታወቱን ስባሪ በወፍራም ወረቀት ያንሣ። ቀጥሎ በጠንካራ ካርቶን ጠርዝ ጠብታዎቹን በዝግታ ወደ አንድ ቦታ ይሰብስብ፤ በዓይን ጠብታ መምጠጫ ይምጠጣቸው፤ የቀሩትን ጥቃቅን በሚጣበቅ ፕላስተር ያንሣቸው። ባትሪ ከወለሉ ጋር አግድም ይዞ ቢያበራ የተደበቁት ጠብታዎች ያብለጨልጫሉ። ሁሉም፣ ጓንቱም ጭምር፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ይታሸግ፤ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ክፍሉ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይናፈስ።

የማይደረጉት ከሚደረጉት ይበልጣሉ። በመጥረጊያ አይጠረግ፤ ጠብታውን ይበታትነዋል። በኤሌክትሪክ የአቧራ መምጠጫ ፈጽሞ አይነካ፤ ሞተሩ ሞቆ ተኑን በቤቱ ሁሉ ይነዛዋል፣ ማሽኑም ተበክሎ ይቀራል። የነካው ልብስ በማጠቢያ ማሽን አይታጠብ። በምንጣፍ ወይም በፍራሽ ላይ ከፈሰሰ የተበከለውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድ ነው። ከአንድ ቴርሞሜትር የበዛ ከሆነ ደግሞ ቤቱን ለቅቀው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይደውሉ። ልጅ ጠብታውን ቢውጥ አያስመልሱት፤ ብርማው ፈሳሽ በአብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል፤ የመስታወት ስባሪ አብሮ መዋጡን ግን ሐኪም ይመልከት።

የፍሎረሰንት አምፖል በጥቂት ሚሊ ግራም የሚቆጠር ሜርኩሪ ብቻ ነው ያለው። ቢሰበር ክፍሉን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አናፍሰው ስባሪውን በካርቶንና በፕላስተር ያንሡት።

ደረጃ 5፦ ከሥራ የሚመጣውን ከበሩ ላይ ያስቁሙት

በዓለም ላይ ሰው ወደ አየር ከሚለቀው ሜርኩሪ ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከባህላዊና አነስተኛ የወርቅ ማዕድን ሥራ ነው። ሜርኩሪው ወርቁን ይይዘዋል፤ ከዚያ ይቃጠልና ተኑ ይበናል፣ ወርቁ ይቀራል። ይህ ማቃጠል በማእድ ቤት ወይም በመኖሪያ ግቢ ከተደረገ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት አደጋዎች ሁሉ የከፋ ነው፤ የምግብ ድስትና የማቃጠያ ዕቃ አንድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። እርጉዝ ሴትና ልጅ በሚቃጠልበት አካባቢ መገኘት የለባቸውም፤ መሐረብ ወይም የሕክምና ጭምብል ተኑን አያግድም። ሠራተኛው ልብሱንና ጫማውን ከቤት ውጭ ይቀይር፣ ታጥቦ ይግባ፣ ልብሱ ከሕፃን ልብስ ተለይቶ ይታጠብ።

በጥርስ ሕክምና ክፍል፣ በላቦራቶሪ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መለያ የሚሠሩ ከሆነ እርግዝናዎን ለሥራ ኃላፊዎ ቀደም ብለው ያሳውቁና ሜርኩሪ ከሌለበት ክፍል እንዲመድብዎ ይጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ጥርስና ክትባት

የብር መልክ ያለው የጥርስ ሙሌት ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ያለዎትን በእርግዝና ጊዜ አያስወጡት፤ ሲቦረቦር የሚወጣው ተን በአፍ ውስጥ ተቀምጦ ከሚያወጣው ይበልጣል። አዲስ ሙሌት ካስፈለገ በሌላ ዓይነት እንዲሠራ ይጠይቁ። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮችም እ.ኤ.አ. በ2022 ለእርጉዞች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከ15 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዲቀር ወስነዋል።

ክትባትን ግን አይተዉ። በአንዳንድ ባለ ብዙ መጠን የክትባት ጠርሙሶች ውስጥ ያለው ቲሜሮሳል የሚሰጠው ኤቲል ሜርኩሪን ነው፤ ከሜቲል ሜርኩሪ የተለየ ሆኖ በቀናት ውስጥ ከሕፃኑ ደም ይወጣል። ከኦቲዝም ጋር ግንኙነት እንደሌለው በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያመለጣት እርጉዝ የምትጋፈጠው አደጋ ግን እውነተኛ ነው፤ አራስ ሕፃናትን ይገድላል።

ደረጃ 7፦ ምርመራ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ትክክለኛውን ይጠይቁ

ሁሉም እርጉዝ መመርመር የለባትም። ትልልቅ ዓሣ አዘውትራ የበላች፣ የሚጠረጠር ክሬም የተጠቀመች ወይም ከወርቅ ማቃጠያ አጠገብ የኖረች ከሆነ ግን ተገቢ ነው። ለዓሣ ሜርኩሪ የሚለካው ጸጉር ወይም ደም ነው፤ ለተንና ለክሬም ሽንት። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከራስ ቅሉ አጠገብ የተቆረጠው የቅርቡን፣ ጫፉ የቀደሙትን ወራት ይነግራል። የተሳሳተ ናሙና የሰጠች ሴት «ንጹሕ ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች፤ ክሬም ስትጠቀም የኖረችን ሴት በጸጉር ብቻ መርምሮ ማሰናበት ለዚህ ምሳሌ ነው።

መርዝ የሚስብ መድኃኒት ቀድሞ ሰጥቶ ከዚያ ሽንት የሚለካ ቦታ ካጋጠመዎት ይውጡ። መድኃኒቱ በማንኛውም ሰው ሽንት ውስጥ መጠኑን ስለሚያንረው ከተለመደው ልክ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። «ሜርኩሪ እናወጣለን» ተብሎ ለሕፃናት በዘፈቀደ የሚሰጠው የዚህ ዓይነት ሕክምና የደም ካልሲየምን አሽቆልቁሎ ለሞት ያበቃበት ጊዜ አለ። ውጤቱ ከፍ ካለ የመጀመሪያው ሕክምና ምንጩን ማቆም ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የመርዝ ሕክምና ባለሙያ ይወስን።

ደረጃ 8፦ ከልደት በኋላ

ያጥቡ። ሜቲል ሜርኩሪ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በእንግዴ ልጅ በኩል ከሚያልፈው ባነሰ መጠን ነው፤ ሕፃኑም በፍጥነት ስለሚያድግ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን በወራት ውስጥ ይቀንሳል። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም እየተጠቀሙ ከሆነ ግን የሜርኩሪ ጨው ወደ ወተት በቀላሉ ስለሚገባ ክሬሙን ያቁሙና ለሐኪም ይንገሩ። የሚቆመው ክሬሙ ነው።

ልጁ ምግብ ሲጀምር ዓሣውን እንደ ዕድሜው ይመጥኑ። ከ1 እስከ 3 ዓመት በአንድ ጊዜ 28 ግራም ያህል፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት 57 ግራም፣ ከ8 እስከ 10 ዓመት 85 ግራም፤ ከነሰርዲንና ሳልመን ወገን በሳምንት ሁለት ጊዜ።

እድገቱን ሲከታተሉ የሜርኩሪ ብቻ የሆነ ምልክት እንደሌለ ያስታውሱ። በአነስተኛ መጋለጥ የሚታየው ልዩነት ብዙ ልጆች ሲለኩ በአማካይ የሚወጣ እንጂ በአንድ ልጅ ላይ የሚነበብ አይደለም። የሚጠበቀው ይህ ነው፦ በ2 ወር ለሰው ፊት ፈገግ ማለት፣ በ4 ወር ራስን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በ9 ወር ያለ ድጋፍ መቀመጥ፣ በ18 ወር መራመድ፣ በ2 ዓመት ሁለት ቃላትን ማጣመር። ከዚህ የዘገየ ልጅ ካለ ቀድመው የመስማት ችሎታውን ያስመርምሩ፤ ቀጥሎ የብረት እጥረትን፣ የታይሮይድ እጢንና በእርሳስ (ሊድ) መመረዝን። እነዚህ ሁሉ ከሜርኩሪ ይልቅ የተለመዱ ናቸው፤ አብዛኞቹም ይታከማሉ። አንድ የምልክቶች ስብስብ ግን ወደ ሜርኩሪ ተን ወይም ጨው ይመራል፦ እጅና እግሩ ቀልቶ የሚያሳክከውና የሚያመው፣ ብዙ የሚያልበው፣ ያለ ምክንያት የሚነጫነጭና የደም ግፊቱ ከፍ ያለ ሕፃን። በሽታው አክሮዲኒያ ይባላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካሎሜል ካለበት የጥርስ ማብቀያ ዱቄት ይመጣ ነበር፤ ዱቄቱ ከገበያ ሲወጣ በሽታው አብሮ ጠፋ ማለት ይቻላል። ዛሬ ሲታይ ሐኪሙ ሽንቱን እንዲለካ፣ ቤተሰቡም በቤት ውስጥ ምን እንደተሰበረና ምን እንደሚቀባ እንዲፈትሽ ይደረጋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ በቃል ከመናገር ይልቅ በአንድ ወረቀት ይዘው ይቅረቡ፦ ከእርግዝና በፊት ባሉት ስድስት ወራት የበሉትን ዓሣ ዓይነትና ድግግሞሽ፣ የተጠቀሙበትን ክሬም ከነማሸጊያው፣ የተሰበረ ቴርሞሜትር ወይም መብራት ካለ ቀኑን፣ የቤተሰቡን አባላት ሥራ፣ እንዲሁም ልጁ እያንዳንዱን እድገት ያሳየበትን ወር።